ቀለበት ያሰረችው ወፍ ከየት መጣች?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በየመጠለያው የልጆች ወንጭፍ ሥራ ይበዛበታል። በዚህ ሰሞን አንድ ተማሪያችን ከገደላት ትንሽ ወፍ እግር ላይ ያገኘውን ቀጭን ቀለበት ይዞልን መጣ። ለእህቱ ጉትቻ ሊያደርገው በድንጋይ ቀጥቅጦት ስለነበር ከተጻፈበት ቁጥር ግማሹ ጠፍቷል። እናቱ ደግሞ «ጣለው ልጄ፣ የማናውቀው ጽሑፍ ያለበት ነገር ጣጣ ያመጣብናል» ብለው ተቆጥተውታል።

በእናትየው አንፈርድም። እ.ኤ.አ. በ2012 በዳርፉር መከታተያ መሣሪያና የእስራኤል ዩኒቨርሲቲ መለያ የታሰረበት ጥንብ አንሳ ተይዞ፣ «ሰላይ ነው» ተብሎ በጋዜጣ ተወርቶ ነበር። የእስራኤል የወፍ ባለሙያዎች መሣሪያው የወፉን ጉዞ ለማወቅ እንጂ ፎቶ ለማንሳት እንዳልሆነ አስረድተዋል። ተማሪያችን ያመጣው ቀለበት ግን ባትሪም የለው፣ ድምፅም የለው። ቁጥርና አድራሻ ብቻ ነው።

ይህን ሥራ በደንብ ያስጀመሩት እንደኛው አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባሉ የዴንማርክ መምህር እ.ኤ.አ. በ1899 በቪቦር ከተማ 165 ስታርሊንግ የሚባሉ ወፎችን ይዘው፣ ቁጥርና አድራሻ ያለበት የአሉሚኒየም ቀለበት እግራቸው ላይ አስረው ለቀቁ። ከዚያ በፊት ወፎች ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ የሚታወቀው በአጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 በጀርመን አገር አንዲት ሽመላ አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደተሰካባት ተገኝታ፣ ሽመላ አፍሪካ ድረስ እንደምትሄድ ያኔ ተረጋገጠ።

ይኸው ሥራ እኛ ባለንበት በሱዳንም ተሠርቷል። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ ኾር አርባዓት የሚባል ወራጅ አለ። ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ግድቡ በነሐሴ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ተደርምሶ ብዙ ሕይወት የጠፋበት ነው። በዙሪያው በረሃ ስለሆነ ባሕሩን ተሻግረው የሚመጡ ወፎች እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ያርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጌርሃርድ ኒኮላውስ የተባሉ የወፍ ተመራማሪ እዚያ መረብ ዘርግተው ቀለበት ያስሩ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓይን የማይለየው ቀጭን መረብ ጎህ ሳይቀድ ይዘረጋል። የተያዘችውን ወፍ ቶሎ አውጥተው በጨርቅ ከረጢት ያስቀምጧታል። ክንፏን ይለካሉ፣ ይመዝኗታል፤ የሆዷን ላባ እፍ ብለው ምን ያህል ስብ እንደያዘች ያያሉ። ስቡ ስንቋ ነው፤ አንዳንዶቹ ትልቅ በረሃ ከማቋረጣቸው በፊት ክብደታቸውን እጥፍ ያደርሳሉ። ከዚያ ቀለበቱን በፒንሳ አስረው፣ ቁጥሩን መዝግበው ይለቋታል።

በዚህ መንገድ ከሚያልፉት አንዷ ማርሽ ዋርብለር ትባላለች። መልኳ ቡናማ፣ ክብደቷ 12 ግራም ገደማ ነው። ከአውሮፓ ተነሥታ በነሐሴና በመስከረም ሱዳንና ኢትዮጵያ ትገባለች፤ እዚህ ሳምንታት ቆይታ በኅዳርና በታኅሣሥ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ትወርዳለች። በኬንያ ንጉሊያ በሚባል ቦታ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ቀለበት ስለሚታሰር ይህ መንገዷ በደንብ ታውቋል።

የሚገርመው ዘፈኗ ነው። ፍራንስዋዝ ዳውሴት ለሜር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳተሙት፣ አንዱ ወንድ ወፍ በአማካይ የ76 ዓይነት ወፎችን ድምፅ ይቀዳል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአፍሪካ ወፎች ናቸው። ያረፈበትን አገር ቋንቋ ሁሉ በመጀመሪያ ዓመት ጉዞው እየለቀመ ይማራል ማለት ነው። ልጆቻችን ውኃ ወረፋ ላይ ቆመው ዐረብኛ እንደለመዱት መሆኑ ነው እኮ!

ታዲያ እነዚህ እንግዶች ማረፊያ ይፈልጋሉ። ካርቱም የነበርን ሰዎች ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት አጠገብ ያለውን የሱንት ጫካ እናስታውሳለን፤ በበጋ ከሩቅ በመጡ ወፎች ይሞላ ነበር። ከ2023ቱ ጦርነት ወዲህ ብዙው ዛፉ ተቆርጧል። የማገዶን ችግር እኛም እናውቀዋለንና ቆራጩን አንወቅስም። ወንጭፉን ማስቀመጥ ግን በእጃችን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ቀለበት ያሰረች ወፍ በሕይወት ካገኛችሁ ፊደሉንና ቁጥሩን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ቀለበቱን ሳታወልቁ ልቀቋት። ሞታ ካገኛችኋት በባዶ እጅ አትንኩ፤ ከነካችሁም በሳሙና ታጠቡ። ቀኑን፣ ቦታውንና በሕይወት መኖሯን ወይም መሞቷን ጨምራችሁ ለትምህርት ቤት መምህራን ስጡ። ቀለበቱ ላይ ወዳለው አድራሻ እንልከዋለን።

ተማሪያችን የተረፈውን ግማሽ ቁጥር ደብተሩ ላይ ጽፎ አስቀምጦታል። በየቀኑ «ቲቸር፣ ከየት አገር ነው የመጣችው?» ይለናል። በግማሽ ቁጥር ግን ማንም ሊነግረው አይችልም።

ቸር ይግጠመን።