ሞተሩ ነው የደከመው ወይስ አየሩ ነው? አሮጌ ላንድሮቨር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ እዚሁ ያለውን አሮጌ መኪና ገዝቶ ጠግኖ ለመንዳት የሚያስብ አይጠፋም። ከነዚህ አንዱ የእንግሊዙ ላንድሮቨር ነው።

ለሙከራ ስትነዱት ዳገት ላይ ያቃስታል። ሻጩ "ላንድሮቨር ድሮም እንዲህ ነው" ይላል፤ ጓደኛችሁ ደግሞ "ሞተሩ አልቋል" ይላል። ማንን ትሰማላችሁ?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ሲሪስ 3፣ ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው። ይሄ ግን ባህር ጠለል ላይ ነው። ላምበረት ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ደህና የሆነው መኪና ራሱ እዚህ የሚቀረው 56 ገደማ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ልዩነቱ በምን ይታወቃል?

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱ። ስትደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ።

2. ጭሱን እዩ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ካርቡራተሩ ለከፍታው ስላልተስተካከለ ነው፣ ቀላል ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፋሻው ሊሆን ይችላል፣ ወጪው ከባድ ነው። ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመና ውሃ ከጎደለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይታይ።

3. ዳገት ላይ በ2ኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ይሄ ሞተር የተሠራው ለመጎተት እንጂ ለመፍጠን አይደለም። ቀስ ቢልም ሳይቆራረጥ ከሳበ ደህና ነው። እያሳለና እየዘለለ ከሆነ ችግር አለ።

4. መካኒክ የ4ቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካላችሁ። በከፍታው ምክንያት ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ያንሳል፤ አትደንግጡ። ዋናው ነገር አራቱም መቀራረባቸው ነው።

መንገድ ላይስ? ባሌስትራ ስለሆነ ይነጥራል፣ መሪውም ትንሽ ይላላል፤ ይሄ ፀባዩ ነው። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መሪና እስከ ታች የሚሰምጥ ፍሬን ግን ፀባይ አይደለም፣ ብልሽት ነው።

ፍሬኑ በ4ቱም ጎማ ከበሮ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ከላምበረት ተነስታችሁ የደሴን መንገድ ስትይዙ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት አስቡት። እዚያ ከመጀመሪያው በ2ኛ ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ፍሬን እየረገጡ አይደለም።

ስለዚህ ዳገት ላይ ቀርፋፋ ነው ብላችሁ ጥሩ መኪና አትለፉ። ፍሬኑ ሳይፈተሽ ግን ብር አትክፈሉ።

ሰፈራችሁ አሁንም የሚሠራ ላንድሮቨር አለ? ኮመንት ላይ ፎቶውን ላኩልን።