የወለቀ ጣት ገባ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

በረኛ ኳስ ሲያድን ወይም የመረብ ኳስ ተጫዋች ስትከላከል፣ የጣት ጫፍ በኳስ ተመትቶ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። በእንዲህ ያለ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚወልቀው የጣት መካከለኛ አንጓ ነው። አጥንቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እጅ ጀርባ ይወጣል፤ አንጓውን በመዳፍ በኩል የሚደግፈው ጅማትም ይበጠሳል፣ አለዚያ የአጥንት ቁራጭ ይዞ ይነቀላል።

ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ስሜት ጣቱን ጎትቶ መመለስ ነው። ግን ውልቃትና ስብራት ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ከመጎተት ይልቅ እብጠቱ ሳይጠነክር ቀለበት ማውለቅ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማድረግና እጅን ከፍ አድርጎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይበጃል። ቆዳው ከተቀደደ ኢንፌክሽን ስለሚያሰጋ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ሐኪሙ የጣቱን ስሜትና የደም ዝውውር ከመረመረ በኋላ ራጅ ያዛል። ከጎን የሚነሳው ራጅ አጥንቱ ወዴት እንደወጣና ስብራት መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ከዚያ የጣቱ ሥር በመርፌ ይደነዝዛል። ወደ ኋላ የወጣ አጥንት በቀስታ ተስቦ፣ ከጀርባ በኩል ተገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጅማት በመሃል ገብቶ እንቢ ካለ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና እንጂ ጉልበት አይደለም።

አጥንቱ ከገባ በኋላ ታካሚው ጣቱን ራሱ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ይደረጋል፤ ራጅም ይደገማል። አንጓው ከጸና ከጎረቤቱ ጣት ጋር በፕላስተር ታስሮ ቶሎ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ለረጅም ጊዜ የታሰረ ጣት ይደርቃልና። አጥንቱ ወደ መዳፍ የወጣ ከሆነ ግን ጣትን የሚዘረጋው ጅማት ሊበጠስ ስለሚችል፣ መካከለኛው አንጓ እስከ 6 ሳምንት ያህል ተዘርግቶ ይታሰራል። ይህ ካልተደረገ ጣቱ እንደታጠፈ ሊቀር ይችላል።

በአገራችን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። የለመደ እጅ አጥንት ሊመልስ ይችላል፤ ውስጥ ያለውን ስብራት ግን አያይም። አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም አግዶ አካል እስከማስቆረጥ የደረሰበት ጊዜ አለ። የታሰረ ጣት ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ እሥሩ ወዲያው ይፈታ።

እብጠቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። ሳምንታት የዘገየ ውልቃት ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና አይመለስም። ስለዚህ ጣትዎ የገባ ቢመስልዎትም በዕለቱ ራጅ ይነሱ።