ጭሱን ሳያነብ የገዛ ሞተር ደግሞ ይገዛል
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መስመር ያገለገለ ባለ ቱርቦ መኪና ለሚገዙ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጉና ትከሻ አልፎ ነፋስ መውጫ የሚደርሰው፣ ከዚያም እስከ ወልድያ የሚዘልቀው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ንግድ የደም ሥር ነው። የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እህል፣ ድንችና የቁም ከብት የሚወጣው፣ ሸቀጡም የሚገባው በአይሱዙ፣ በሲኖትራክና በፒክአፕ ነው። ለአካባቢው ነጋዴ ከመጋዘኑ ቀጥሎ ትልቁ ሀብት መኪናው ነው።

ይህ ሀብት ደግሞ ተወዷል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ናረ። በመሆኑም ዛሬ ዘይት የሚበላ ሞተር የገዛ ሰው የሚከፍለው ቅጣት ከቀድሞው እጅግ ይከብዳል።

ሦስቱ ቀለሞች

ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ሦስት ቀለም አለው፤ ትርጉሙም የተለያየ ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በቂ አየር አለማግኘቱን ያሳያል። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በፎገራ ሜዳ ንጹሕ የነበረ መኪና ጉናን ጭነት ይዞ ሲወጣ ጥቂት ቢጠቁር ብቻውን የሞተር ሕመም ምልክት አይደለም። ቱርቦ የተሠራውም አየሩን አምቆ በማስገባት ይህንን ጉድለት ለማካካስ ነው። ሜዳ ላይም የሚጠቁር ከሆነ ግን የአየር ፊልትሮው፣ ኖዝሉ ወይም የቱርቦው ቱቦ መታየት አለበት።

ነጭ ጭስ በብርድ ጧት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ከጠፋ አያሳስብም። ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

የገዢው ዋና ጠላት ሰማያዊው ጭስ ነው። ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው።

ቱርቦው ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም

ሰማያዊ ጭስ በታየ ቁጥር "ቱርቦው ሞቷል" ማለት በብዙ ጋራዦች ተለምዷል። ባለንብረቱ ቱርቦ ይቀይራል፤ ጭሱ ግን ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ምክንያቱ ከአሠራሩ ይገኛል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር ዘይት በግፊት ይደርሰዋል፤ ሥራውን የጨረሰው ዘይት ግን ወደ ታችኛው የዘይት ቋት የሚመለሰው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ፋሻው አልቆ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ቋቱ ከገባ፣ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ከተደፈነ፣ በቋቱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል። መመለሻ ያጣው ዘይትም በቱርቦው ዳር ሾልኮ ወደ ማርሚታው ወይም ወደ አየር ቱቦው ይወጣል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ቱርቦ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የተደፈነ የአየር ፊልትሮም ተመሳሳይ ስህተት ያስከትላል። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ከተሞች በሚገነጠሉት አቧራማ መንገዶች የሚመላለስ መኪና ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል፤ ቱርቦው አየር ሲያጣ ዘይቱን ይስባል። በሃይሉክስ፣ በፕራዶና በሃይ ኤስ ላይ የተገጠመው 3 ሊትር ዲፎርዲ ሞተር ደግሞ የታወቀ ደካማ ጎን አለው፤ የኖዝሉ ማሸጊያ ሲያፈስ ጋዙ ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ዝቃጩም የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ያን ጊዜ ቱርቦው የሚሞተው ዘይት ተርቦ ነው።

ቀብድ ከመክፈል በፊት

ገዢው መኪናውን በጧት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ማየት ይኖርበታል። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ማዛወር ይሻላል። በመጀመሪያ የዘይቱ መጠን ይለካል፤ ከልክ ያለፈ ዘይትም ጭስ ያመጣልና። ወፍራም ዘይት ወይም ማወፈሪያ ተጨምሮ ጭሱ ለጊዜው ሊሸፈን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

ሲነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ወደ ቫልቭ ሲል ያመለክታል፤ ጥገናውም ከሌሎቹ ይቀላል። በመቀጠል ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈታል። ጋዙ በኃይል ከተፋ ፋሻ ወይም የኖዝል ማሸጊያ ይጠረጠራል፤ መተንፈሻው ንጹሕ መሆኑም አብሮ ይታያል። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ የቱርቦው ቱቦ ይፈታል። ስስ የዘይት ወዝ የተለመደ ነው፤ የተጠራቀመ ዘይት ግን አይደለም። ዘንጉ በጣት ሲነካ ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ ችግር የለውም፤ ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ወይም ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሰ ግን ቱርቦው አልቋል። የመጨረሻው ዳኛ በጋራዥ የሚደረግ የኮምፕሬሽን ልኬት ነው።

በፍጆታ በኩል ቶዮታ በብዙ መመሪያዎቹ ለ1 ሺህ ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት ይፈቅዳል። ከወረታ ወልድያ ደርሶ መልስ፣ ማለትም በ600 ኪሎ ሜትር፣ 2 ሊትር የሚጨመርለት ፒክአፕ ከዚህ ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበላል ማለት ነው።

ጭስ የዋጋ ጉዳይ ነው

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጥናት የተመሠረተው በአሮጌ መኪና ገበያ ላይ ነበር፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ካላወቀ፣ ገዢ ሁሉ መጥፎውን ጠርጥሮ ዋጋ ይሰብራል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። ይህ ሐሳብ ለደላላውም ትምህርት አለው። የኮምፕሬሽን ውጤት ይዞ የሚቀርብ ደላላ ጥሩውን መኪና በጥሩ ዋጋ ያሻሽጣል፤ ኮሚሽኑም ደንበኛውም ይበረክትለታል።

የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል፤ ገዢም በጊዜው መርምሮ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። በዓይን የሚታየውን ጭስ አላየሁም ብሎ መከራከር ግን ያስቸግራል። ስለሆነም የሞተሩን ሁኔታ በውሉ ላይ ማስፈር፣ ከተቻለም ከዋጋው ጥቂቱን እስከ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ሙከራ ማቆየት ይጠቅማል። ቦሎና ሊብሬ ስለ ፋሻ አይናገሩም።

ከገዙ በኋላ ደግሞ ጥንቃቄው ቀላል ነው። የጉናን ዳገት ወጥቶ ነፋስ መውጫ የቆመ ሾፌር ቁልፉን ወዲያው ማዞር የለበትም። ሞተሩን ለሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ቢያሠራው የጋለው ቱርቦ ይበርዳል፣ ዘይቱም በውስጡ አይከስልም። የሚነደው ናፍጣ ከአንድ አዲስ ቱርቦ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።