ሥራ የሚወደደው መቼ ነው?

ደቦ ሲጠራ ገበሬው ገና ጎሕ ሲቀድ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲያጭድ ይውላል። ገንዘብ አይከፈለውም። ሆኖም እየዘፈነ ይሠራል። ለምን?

ይህን ጥያቄ በማታው ትምህርታችን ላይ አነሣን። አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው፣ «እንጀራውና ጠላው ይቀርባል። የደከመው ያርፋል። ነገ ደግሞ እነሱ ለኔ ይመጣሉ» አሉ። ሌላው ቀበል አድርገው፣ «በደቦ ላይ ማን ማንን ይሰድባል? ሁሉም እኩል ነው» አሉ።

አንዲት እናት ዝም ብለው ቆዩ። ኋላ ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት ፈትተው አወጡ። ልጃቸው ከተማ ውስጥ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥራ ነበር። በስድስተኛው ወር ሥራውን ጠልታ መጣች። «ደመወዝ እያላት ስለ ምን ጠላችው? ሰንፋ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

ልጅቷን አነጋገርናት። እንዲህ አለችን፦ «ለቤት ኪራይና ለምግብ ከከፈልኩ በኋላ እጄ ላይ የሚቀር የለም። አለቃችን ቋንቋችንን አያውቅም። ስንሳሳት ይጮህብናል እንጂ አያሳየንም። አንድ ቀን እንኳ ‹ጎበዝ› ያለኝ የለም።»

ይህ የአንዲት ልጅ ችግር ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው ተቀጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ሳይቆዩ ለቀው ሄዱ። ደመወዙ ትንሽ፣ የቤት ኪራዩ ውድ ነበር።

እናትየው ያወጡት ወረቀት የደመወዝ ወረቀት ነው። ራሳቸው ፊደሉን እየቆጠሩ አነበቡት። «የሰዓት ደመወዝ 10 ብር። ትርፍ ሰዓት 20። የተከፈለ 200 ብር» ይላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምን ይላል? መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ የተሠራው ትርፍ ሰዓት ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት፣ የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል ይባዛል። ስለዚህ 10 ብሩ 15 ብር ይሆናል።

እናትየው ጠመኔ ይዘው በሰሌዳው ላይ አባዙ። 15 ሲባዛ በ20፣ 300 መጣ። 100 ብር ጎድሏል!

ጠመኔውን አስቀመጡና፣ «ልጄ ሰነፍ አይደለችም» አሉ። ልጅቷም ወረቀቱን ይዛ ከጓደኞቿ ጋር ልትጠይቅ ሄደች።

እንግዲህ ሥራ የሚወደደው፦
1. ደመወዙ ሲያኖርና ሳይጎድል ሲከፈል፣
2. ዕረፍት ሲኖር፣
3. አለቃው ሲያስተምርና ሲያከብር፣
4. የደከሙበት ሲታይ ነው።

እንወያይ
1. እረኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ቀጥረን እናውቃለን? የተስማማነውን በጊዜው ሰጥተነዋል?
2. በእኛ ቤት የሚሠራው ሰው ሥራውን ይወዳል? ጠይቀነው እናውቃለን?