አደራ ስለ መስጠትና ስለ ፉራ ቤይ የሰባክያን ትምህርት ቤት

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክት በምዕራፍ 2 ቁጥር 2፥ ከእርሱ የሰማውን ትምህርት ሌሎችን ለማስተማር ለሚበቁ ለታመኑ ሰዎች እንዲያስረክብ ያዝዘዋል። በዚህ ቃል አራት ወገን ይቈጠራል፤ ጳውሎስ፥ ጢሞቴዎስ፥ የታመኑት ሰዎች፥ ከእነርሱም የሚማሩት። ሕዝቡን አስተምር ብሎ ስለ ምን አልተወውም ቢሉ፥ መምህር ሟች ነውና፤ መምህራንን ያፈራ ግን እርሱ ቢሞት ትምህርቱ አይቋረጥም። አንድም አደራ ማለቱ እንደ ገንዘብ አደራ ነው፤ አደራ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ከእጁ ያወጣል እንጂ ጫፉን ይዞ አይቀርም። ይህ ሁለተኛው ምሥጢር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በምዕራብ አፍሪካ፥ በሴራሊዮን የተሠራው የፉራ ቤይ ትምህርት ቤት ታሪክ ይገልጠዋል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1807 የባሪያን ንግድ በሕግ ከከለከለ በኋላ፥ የጦር መርከቦቹ በባሕር ላይ የባሪያ መርከብ ባገኙ ጊዜ እየያዙ ምርኮኞቹን ፍሪታውን በምትባለው የሴራሊዮን ከተማ ያወርዷቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማያውቅ፥ ከብዙ ነገድ የተለቀሙ ነበሩ። በ1799 በለንደን የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር መምህራን ቢልክላቸው፥ ከተላኩት ብዙዎቹ ገና ሥራውን ሳይለምዱ በአገሩ ንዳድ አለቁ። ስለዚህ ማኅበሩ የአገሩን አየር የሚችል፥ ከሕዝቡ የተወለደ ሰባኪ እንዲያሠለጥን ግድ ሆነበት። ትምህርት ቤቱን ፍቅር ብቻ ሳይሆን የመምህራኑ መቃብርም ተከለው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ1827 ሄንሰል የሚባል ጀርመናዊ ቄስ በፍሪታውን አጠገብ፥ በፉራ ወሽመጥ ጥቂት ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሳሙኤል አጃዪ ክራውተር ነበረ። ይህ ሰው በዮሩባ አገር ተወልዶ በ1821 ገና ልጅ ሳለ በጦር ተማረከ፤ ከጌታ ወደ ጌታ ከተሸጠ በኋላ በ1822 በፖርቱጋል መርከብ ተጫነ። መርከቢቱን የእንግሊዝ ባሕረኞች ያዟት፥ እርሱም በሴራሊዮን ወረደ፤ በ1825ም ተጠመቀ። ተማሪ የነበረው ይህ ሰው ኋላ በዚያው በፉራ ቤይ መምህር ሆነ። ትምህርት ቤት አደገ የሚባለው ግንቡ ሲረዝም አይደለም፤ በወንበሩ ሥር የተቀመጠው በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ነው።

ደግሞ በ1841 ኤድዋርድ ጆንስ የትምህርት ቤቱ አለቃ ሆነ። እርሱም በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና የተወለደ ጥቁር ቄስ ነበረ፤ በዚያ ወንበር ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። በእርሱ ዘመን፥ በ1845 ለትልቁ የድንጋይ ሕንጻ መሠረት ተጣለ።

ነገር ግን የዚያ ቦታ ዋና ሀብት ድንጋዩ አልነበረም፤ ቋንቋው ነበረ። ባሪያ ፈንጋዮች ለክፋት የሰበሰቧቸው ነገዶች በአንዲት ከተማ ተቀምጠው ነበርና፥ ስለ አፍሪካ ልሳኖች መማር የሚወድ ሰው ከፍሪታውን የሚሻል አገር አያገኝም ነበር። በፉራ ቤይ ዕብራይስጥ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ሲጊስሙንድ ኬሌ ነጻ የወጡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠየቀ፥ ከ100 የሚበልጡ ቋንቋዎችን ቃላት ጽፎ በ1854 አሳተመ። ክራውተርም የዮሩባን ቃላት በመጽሐፍ ሰብስቦ በ1843 አወጣ፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ዲቁናና ቅስና ተቀብሎ ተመለሰ። በ1844 መጀመሪያ በፍሪታውን በዮሩባ ቋንቋ ጸሎት መርቶ ሰበከ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ሕዝቡ እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቋንቋ ሰምተው እንደ ተደነቁ ተጽፏል፤ እነዚያ ምርኮኞችም ወንጌልን በአባታቸው ልሳን፥ ከወገናቸው ከተሾመ ካህን አፍ ሰሙ።

ከዚህ በኋላ ለስብከት ወደ ዮሩባ አገር ሄደ። በ1846 በአቤኦኩታ ከተማ ከ20 ዓመት በላይ የተለያት እናቱን አገኛት፤ በ1848 ተጠምታ ሐና ተባለች። ልጇ ሳሙኤል ነውና ስሙ እንደ ምን ተስማማ!

በ1864 ክራውተር በካንተርበሪ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከአፍሪካ ልጆች ለዚህ ማዕርግ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በኒጀር ወንዝ አጠገብ ባለው ሀገረ ስብከቱ አብረውት የሠሩት አፍሪካውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከሴራሊዮን የመጡ ናቸው። ፉራ ቤይም በ1876 ከእንግሊዙ ከዳራም ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባበረ፤ ደቀ መዛሙርቱ በአገራቸው ተቀምጠው የዚያን ዩኒቨርሲቲ ማዕርግ ለመቀበል ቻሉ።

ወደ ፊተኛው ቃል እንመለስ፤ አደራው ተሰጠ ወይስ ጫፉ ተይዞ ቀረ? በ1880ዎቹ ከእንግሊዝ የመጡ ወጣቶች ሚሲዮናውያን የጳጳሱን ካህናት በምግባር ጉድለት ይከሱ ጀመር። ከተከሰሱት መካከል ጥፋተኛ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ፍርዱ በጳጳሱ እጅ መሆን ሲገባው፥ የልጅ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች በፊቱ ካህናቱን ከሥራ አገዱ። ሽማግሌው በ1890 ከጉባኤው አባልነት ወጣ፤ በ1891 ታኅሣሥ 31 ቀን ዐረፈ። በወንበሩም ነጭ ጳጳስ ተተካ። በኒጀር አፍ አካባቢ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ግን ይህን አልታገሡም፤ በ1892 በልጁ በዳንደሰን ክራውተር መሪነት ራሳቸውን ችለው፥ ወጪአቸውን በራሳቸው ገንዘብ እየሸፈኑ ቆሙ።

ፉራ ቤይ ዛሬ በፍሪታውን ከተማ በኦሪዮል ተራራ ላይ ያለ፥ የሴራሊዮን ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው። ክራውተር ከተሾመ 150 ዓመት በሞላ ጊዜ፥ በ2014 ሰኔ 29 ቀን የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ በዚያው በካንተርበሪ ቤተ ክርስቲያን ስለ ተደረገበት በደል በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቁ።