«መጀመሪያ ፆታው ይለይ»

አየር ጤና አካባቢ ወዳለው የምክር ክፍሌ አንድ ባለጉዳይ በታላቅ እህታቸው ታጅበው መጡ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ። ገና ወጣት ናቸው፤ «እርስዎ» የምላቸው «አንተ»ም «አንቺ»ም ስለሚከብዷቸው ነው። በያዙት የሪፈር ወረቀት ላይ አንድ የሙያ ባልደረባ «የሆርሞን ምርመራ ይደረግ፤ መጀመሪያ ፆታው ይለይ፤ የግብረ ሰዶም ዝንባሌው ከዚያ ይታያል» ብሎ ጽፏል። እህትየው ደክሟቸዋል። «ዶክተር፣ ብቻ አንዱን ይበሉንና እንረፍ» አሉኝ።

ያ ወረቀት እስካሁን ይከነክነኛል፤ በሌላ እጅ ጽሑፍ እየተጻፈ ደጋግሞ ይመጣብኛልና። የሰውነት አፈጣጠር፣ የፆታ ማንነትና የፍቅር ዝንባሌ ለየቅል መሆናቸውን ለባለሙያ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ፍናፍንት ሆኖ መወለድ አንድ ነገር ነው፤ ኖንባይነሪ መሆን ሌላ። «ወንድም ሴትም ነኝ ማለት አልችልም» የሚል ሰው ደሙ ቢቀዳ ስለ ማንነቱ የሚገኝ ውጤት የለም፤ ስለሚወደው ሰውማ ጭራሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው 11ኛው ዝርዝር ደግሞ የፆታ ማንነትን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አንስቶታል። እኛ ዛሬም ሰው ወደ ላቦራቶሪ እንልካለን።

ስሕተቱ ያለው ከቅደም ተከተሉ ነው። «ተመሳሳይ ፆታ»፣ «ተቃራኒ ፆታ» የምንላቸው ሁለቱም የሚለኩት ከተናጋሪው ተነስተው ነው። ተናጋሪው ወንድም ሴትም ካልሆነ ከማን ጋር ነው የሚመሳሰለው? ማንንስ ነው የሚቃረነው? ስለዚህ «ፆታው ይለይና ዝንባሌው ይታያል» ማለት መልስ የሌለውን ጥያቄ አስቀድሞ፣ መልስ ያለውን ማስቀረት ነው። ባለጉዳዬ ማንን እንደሚወዱ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሴቶችን ነው የሚወዱት። ወረቀቱን የጻፈው ባልደረባ ይህን አልጠየቃቸውም።

ታዲያ ሰዎቹ ራሳቸውን ምን ብለው ይጠራሉ? እኔ የማየው እንዲህ ነው። አንዳንዱ ሌዝቢያን የሚለውን እንደያዘ ይቆያል። በሴትነት አድጓል፣ በዚያ ስም ተሰድቧል፣ በዚያ ስም ወዷል፤ ስለ ፆታው ያለው ስሜት ስለተለወጠ ያን ሁሉ ዘመን መፋቅ አይፈልግም። አንዳንዱ መነሻውን ስለማይጠይቀው ኩዊር ይላል። ባይሴክሹዋል የሚሉም አሉ። በውጭ አገር ጥናቶች የተወዳጁን ፆታ ብቻ የሚጠቁሙ ቃላት ተፈጥረዋል፤ ለተመራማሪ ይመቻሉ፣ ራሱን በእነሱ የሚጠራ ባለጉዳይ ግን አልገጠመኝም። እዚሁ አገር ቤት ደግሞ ማኅበረሰቡ ራሱ ያወጣው «ዜጋ» አለ። ወንድ ነህ ሴት ነሽ ሳይል ሁሉንም ያቅፋል፤ ሰሚ ቢኖር እንኳ ማንንም አያጋልጥም። ምንም ስም የማይፈልግም አለ፤ «አንድ ሰው እወዳለሁ» ይላል፣ በቃ።

እዚህ ላይ ባልደረቦቼ የሚያነሱት ሙግት ሰልችቶኛል። «ሴት አይደለሁም ካለች ሌዝቢያን ነኝ ልትል አትችልም፣ እርስ በርሱ ይጋጫል» ይሉኛል። የሚጋጨው ስሙን እንደ ምርመራ ውጤት ስናየው ነው። ሰው ስም የሚመርጠው የኖረውን ሕይወት፣ የሚጠጋበትን ወገንና የሚያጋጥመውን አደጋ አይቶ ነው። ለጓደኛው ዜጋ ነኝ ይላል፣ ለእናቱ ምንም አይልም፤ ይህን ሐሰት ወይም ግራ መጋባት ብሎ መመዝገብ ግፍ ነው። ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ ኖንባይነሪ መሆናቸውን በአደባባይ የሚናገሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን በስደት ከሚኖሩበት ከኦስትሪያ ሆነው ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከወላጅ ጋር በአንድ ግቢ ከሚኖር ልጅ ይህን ድፍረት መጠበቅ አይገባም።

አደጋው የቃል ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ሕጉ የሚለው ድርጊትን ነው፣ ሰፈር ግን በስም ብቻ ይፈርዳል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን ሲያሳውቅ፣ ስልካቸው ላይ ያለውን መልእክት ሁሉ ያጠፉ ባለጉዳዮች ነበሩኝ።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ባለጉዳዩ ማንነቱን ወይም ዝንባሌውን የሚጠራበትን ስም ካርድ ላይ አትጻፉ። ለሕክምናው የሚያስፈልግ ነገር ካለ እሱን ጠይቁ፦ ማንን ይወዳሉ፣ ከማን ጋር ይተኛሉ፣ ቤት ውስጥ የሚመታዎት አለ ወይ? መልሱንም ሕክምናው ከሚጠይቀው በላይ አታስፍሩ። ስሙን ከነገሯችሁ ስሙት፣ በእሱም ጥሯቸው፣ ግን ከክፍሉ አይውጣ። ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የዚያው ሰፈር ልጅ ናት፤ የባለጉዳዩን እናትም ታውቃቸዋለች።