«ቀዩ ፊደል» በሚባለው መጽሐፍ ስለሚገኙ አሳሳች ቃላት

ናታንየል ሆውቶርን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1850 ዓ.ም. ያሳተመውን «ቀዩ ፊደል» የተባለ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት መዝገበ ቃላት ከአጠገቡ ማኖሩ መልካም ነው። (እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይሁን እንጂ አንባቢን ይበልጥ የሚያስቱት አውቃቸዋለሁ ብሎ የሚያልፋቸው ቃላት ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1640ዎቹ በቦስተን ነው። ከተማይቱን በ1630 የመሠረቱት ከእንግሊዝ የፈለሱ፥ ፒዩሪታን የተባሉ የፕሮቴስታንት ወገኖች ናቸው። ሔስተር ፕሪን ባሏ በሌለበት ልጅ ወልዳ፥ በእንግሊዝኛ ምንዝር የሚለው ቃል የሚጀምርበትን ፊደል በደረቷ ላይ አድርጋ እንድትኖር ይፈረድባታል። ፍርዱን ጨካኝ ከማለታችን በፊት በ1641 የወጣው የማሳቹሴትስ ሕግ ምንዝርን በሞት ይቀጣ እንደ ነበር ማወቅ ይገባል። በጎረቤቲቱ በፕሊመዝም በ1658 የወጣ ሕግ አመንዝሮች ከጨርቅ የተቆረጡ ሁለት ፊደላት በልብሳቸው ላይ እንዲሰፉ ያዝ ነበር።

ሴቲቱን «ሚስትሬስ ፕሪን» ይሏታል። ሚስትሬስ በዛሬው እንግሊዝኛ ውሽማ ማለት ስለ ሆነ አንባቢው ስድብ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ግን እንደ እኛ «ወይዘሮ» የክብር መጠሪያ ነበር። ተራዋ ባለትዳር «ጉድዋይፍ» ትባላለች፤ ቃል በቃል «መልካም ሚስት» ማለት ነው። በሔስተር ላይ በአደባባይ የሚዘባበቱት እነዚሁ «መልካም ሚስቶች» ናቸው፤ እንዲያውም ከመካከላቸው አንዷ ሞት ይገባታል ትላለች።

ሐኪሙ «ሊች» ተብሏል። በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ ሐኪምንም ደም የሚመጠውን አልቅትም ያመለክታል፤ ሰውየው በታማሚው ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ያየ አንባቢ ደራሲው ሁለቱንም ማሰቡን ይረዳል።

በጫካ ውስጥ መጽሐፍና የብረት ብዕር ይዞ ሰዎችን በገዛ ደማቸው ያስፈርማል የሚባለው «ጥቁሩ ሰው» ሰይጣን ነው። ስያሜው ለጆሯችን ደስ ባያሰኝም የዚያ ዘመን አነጋገር ነበር። ወደ እርሱ የምትጋብዘውን ሚስትሬስ ሂቢንስን አንባቢ እንደ ቀልድ ሊያልፋት ይችላል። ነገር ግን አን ሂቢንስ በእውነት የነበረች ሴት ናት፤ ጠንቋይ ተብላ በ1656 በቦስተን ተሰቅላለች። ከደራሲው ቅድመ አያቶች አንዱ የሆነው ጆን ሃቶርንም በ1692 በሴለም ከተማ በጥንቆላ የተከሰሱትን ከዳኙት ዳኞች አንዱ ነበረ።

ለኦርቶዶክሳዊ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው «ሚኒስተር» የሚለው ነው። የሕፃኗ አባት ዲምስዴል የተባለው ሚኒስተር ነው፤ ኃጢአቱን ሰውሮ ሰባት ዓመት ይማቅቃል። ቃሉን «ቄስ» ብሎ የተረጐመ ሰው «ስለ ምን ወደ ንስሐ አባቱ አይሄድም?» ማለቱ አይቀርም። ዲምስዴል ግን የንስሐ አባት የለውም። በፒዩሪታኖች ሥርዓት ለካህን በምስጢር መናዘዝ አልነበረም፤ ጥፋተኛ በጉባኤው ፊት ቆሞ ይናገር ነበር። የጸሎቱንም ቤት «ሚቲንግ ሀውስ»፥ ማለት የመሰብሰቢያ ቤት፥ ይሉታል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሉት ምእመናኑን ነውና። ስለዚህ ሰውየው ወይ ዝም ይላል፥ ወይ በሕዝብ ሁሉ ፊት ይዋረዳል።

ታሪኩ ሦስት ጊዜ ወደ «ስካፎልዱ» የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህም የግንበኛ መወጣጫ ሳይሆን አንገትና እጅ የሚይዝ እንጨት የተተከለበት የመቀጣጫ መድረክ ነው። መጀመሪያ ሔስተር ሕፃኗን ታቅፋ በቀን ትቆምበታለች። ሁለተኛ ዲምስዴል ማንም በማያይበት ሌሊት ይወጣበታል። በመጨረሻ በበዓል ቀን፥ አገረ ገዢውና ሕዝቡ እያዩት፥ የሔስተርን ክንድ ተደግፎ ይወጣና ይናገራል፤ እዚያው ይሞታል።